ባለ 21 አሃዝ ቁጥር ይዤ ፓሪ ጂፒን ፈተንኩት

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ተማሪዬ ስልክ ነው። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ክፍለ ጊዜው አልቆ ሰሌዳ ሳጠፋ መጣችና ስልኳን አሳየችኝ። «ቲቸር፣ ይሄ ቁጥር ፕራይም ነው ይላል። እውነት ነው?» ስክሪኑ ላይ የነበረው ቁጥር ይሄ ነው፦ 147573952589676412927።

አየት እንዳደረግኩት አወቅኩት። 67 ሁለቶችን አባዝታችሁ ከውጤቱ ላይ 1 ስትቀንሱ የሚመጣው ነው፤ 2 ፓወር 67 ሲቀነስ 1። ፕራይም፣ በአማርኛው ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው፣ እንዳልሆነም አውቃለሁ። «አይደለም» አልኳት። «እንዴት አወቁ?» አለችኝ። እዚህ ላይ ያዘችኝ። ከ1 እና ከራሱ ሌላ ሁለት አካፋዮች እንዳሉት ትዝ ይለኛል፤ አካፋዮቹን ግን በቃሌ አልያዝኳቸውም። እኔ «አይደለም» እያልኩ ስልኳ «ነው» ካላት፣ ስልኳን ብታምን አልፈርድባትም። «ነገ ማስረጃውን ይዤልሽ እመጣለሁ» ብያት ተለያየን።

የትልልቅ ቁጥሮችን ጠባይ የሚነግሩ መተግበሪያዎችና ገጾች ሞልተዋል። ሦስት ሞከርኩ፤ የምገመግመው ሦስተኛውን፣ ፓሪ ጂፒ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ቁጥር ትሰጧቸዋላችሁ። ተጋማሽ ነው፣ ጎዶሎ ነው፣ ፕራይም ነው፣ ፍጹም ነው፣ ይሄን ያህል አካፋይ አለው እያሉ መታወቂያ ያወጡለታል። ሐሳቡን በጣም እወደዋለሁ። ቁጥርን ከልጅነቴ ጀምሮ እንደ ሰው ነው የማየው፤ እያንዳንዱ የራሱ መልክ አለው። መታወቂያው ላይ የተጻፈው ስህተት ከሆነ ግን ጭራሽ ባይኖር ይሻላል።

መጀመሪያ ልጅቷ የምትጠቀምበትን መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጫንኩት። ስሙን አልጠራም። ቁጥሩን ሰጠሁት፤ «ፕራይም» አለ፣ በአረንጓዴ። 91 ሰጠሁት፤ አይደለም አለ። ልክ ነው፣ 7 በ13 ነው። ከዚያ 341 ሰጠሁት። «ፕራይም» አለኝ። 341 ግን 11 በ31 ነው። 2047 አስገባሁ፤ እሱንም «ፕራይም» አለ። 2047 ደግሞ 23 በ89 ነው። በሽታው ያኔ ገባኝ።

ፌርማ የሚባል ፈረንሳዊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋለው ሕግ አለ። ከ2 የሚበልጥ ፕራይም ያዙ። ከሱ በአንድ ያነሱ ሁለቶችን አባዙና ውጤቱን ለዚያው ፕራይም አካፍሉ። ቀሪው ሁልጊዜ 1 ነው። በ7 ሞክሩት፤ 6 ሁለቶች ሲባዙ 64 ይሆናሉ፣ 64 ለ7 ሲካፈል 9 ደርሶ 1 ይቀራል። ያ መተግበሪያ የሚሠራው ይህን ሕግ ገልብጦ ነው፤ ቀሪው 1 ከሆነ ፕራይም ነው ብሎ ይፈርዳል። ሕጉ ግን ሲገለበጥ አይሠራም። 341 ፕራይም ሳይሆን ፈተናውን ያልፋል። እንዲህ ዓይነቶቹን ሱዶፕራይም ይሏቸዋል፤ መሳይ ፕራይም እንደ ማለት ነው።

የተማሪዬ ቁጥር ደግሞ ይህን ፈተና ከተፈጥሮው ያልፋል። 67 ሁለቶች ሲባዙ ከቁጥሩ የሚበልጡት በ1 ብቻ ነው። ስለዚህ በ67 ሁለቶች ላይ ቀሪው ወዲያው 1 ይሆናል። ፈተናው የሚፈልገው የሁለቶች ብዛት የ67 ብዜት ነው፤ ስለዚህ 67 67 ሁለቶች እየቆረሳችሁ ስትሄዱ 1 በ1 በ1 እያላችሁ መጨረሻውም 1 ይሆናል። ቁጥሩ አላታለለም። ጥያቄው ነው የማይለየው።

በ2 ፈንታ በ3 ብትጠይቁ ብዙውን ጊዜ ይጋለጣሉ። ለ2047 በወረቀት ሠራሁት። 2046 ሁለቶች ቀሪያቸው 1 ነው። 2046 ሦስቶች ግን 1013 ይቀራቸዋል። 1 ካልሆነ ፕራይም አይደለም፤ አለቀ። በ3 መጠየቅም ሁሉን አይፈታም። 561 አለ፤ 3 በ11 በ17 ነው። ከሱ ጋር የጋራ አካፋይ በሌለው በየትኛውም ቁጥር ብትጠይቁት ያንን ፈተና ያልፋል። የካርማይክል ቁጥር የሚባለው እሱ ነው፤ የመጀመሪያውና ትንሹ።

ሁለተኛው የሞከርኩት ድረ ገጽ ነበር። ያማረ ገጽ ነው። ቁጥሩን ለጥፌ ቁልፉን ስጫን፣ ከላይ በትልቁ 147573952589676410000 ብሎ መለሰልኝ። ያስገባሁት በ2927 ያልቃል፤ የመጣው በአራት ዜሮ። ከሥሩ «ተጋማሽ» ይላል። ዝቅ ስል አካፋዮቹን ዘርዝሯል፦ 2 ብቻ፣ 67 ጊዜ። እስቲ አስቡት። በዜሮ የሚያልቅ ቁጥር ለ5 ይካፈላል፤ ይህን ትንሽ ልጅም ያውቃል። ገጹ ግን 5 የሌለበትን ዝርዝር ከአራት ዜሮ ሥር አስቀምጧል። አንዱ ሌላውን ያፈርሰዋል።

የዚህኛው ችግር ሌላ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ቁጥርን የሚይዙት 53 ቢት፣ ማለትም 53 የ0 ወይም የ1 ቦታ፣ ብቻ በሚችል ዕቃ ነው። እስከ 9007199254740992 ድረስ እያንዳንዱን ድፍን ቁጥር በትክክል ይይዛል። ከዚያ በኋላ መዝለል ይጀምራል። የኔ ቁጥር ጋ ሲደርስ ዝላዩ 16384 ነው። ስለዚህ ቁጥሬን ሲቀበል ወደ ጎረቤቱ ገፋው፤ ጎረቤቱ ደግሞ 2 ፓወር 67 ራሱ ነው። በአካፋዮቹ ዝርዝር ላይ 2 ብቻ የታየው ለዚያ ነው። ሲጽፈው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 17 አሃዞች ጽፎ ቀሪውን በዜሮ ሞላው። ማንም ሳያውቀው የተጠየቀው ቁጥር ሌላ፣ የተመለሰው ሌላ፣ የታየው ሌላ ሆነ። በጣም አዘንኩ፤ ምክንያቱም እዚህ ገጽ ላይ ስንት ሰው ቁጥር አስገብቶ መልሱን አምኖ እንደሄደ አሰብኩ።

ሦስተኛው ፓሪ ጂፒ ነው። የምገመግመውም እሱን ነው።

ፓሪ ጂፒ አዲስ ነገር አይደለም። በ1985 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ቦርዶ፣ አንሪ ኮኤን በሚመሩት ቡድን የተጀመረ የቁጥር ቲዎሪ፣ ማለትም የድፍን ቁጥሮች ጥናት፣ ፕሮግራም ነው። እስከ ዛሬ እየተሠራበት ነው። ነጻ ነው፤ የውስጥ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ኮምፒዩተር ላይ ይጫናል። መጫን የማይፈልግ በድረ ገጻቸው ብራውዘር ውስጥ ሊሞክረው ይችላል፤ ለአንድሮይድ ስልክም የተዘጋጀ አለ። ስትከፍቱት የሚጠብቃችሁ ጥቁር መስኮትና አንድ የጥያቄ ምልክት ነው። ሥዕል የለም፣ ቁልፍ የለም፣ አረንጓዴ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው ትንሽ ይደነግጣል። እኔም የዛሬ ስንት ዓመት ደንግጬ ዘግቼው ነበር። አሁን ሳስበው ያ ባዶ መስኮት የጨዋ ሰው ዝምታ ነው፤ እስክትጠይቁት ይጠብቃል።

2 ፓወር 67 ሲቀነስ 1 ብዬ ጻፍኩ። 21ዱን አሃዝ አንድም ሳይጥል መለሰልኝ። ድፍን ቁጥርን የፈለገውን ያህል ይርዘም፣ ሜሞሪው እስከቻለ ድረስ በትክክል ይይዘዋል። ከሁለተኛው ገጽ በኋላ ይህን ማየት ብቻውን አንጀቴን አራሰው።

ከዚያ ኢዝፕራይም የሚለውን ትእዛዝ ሰጠሁት። መልሱ 0። አይደለም ማለት ነው። ከዚያ ፋክተር የሚለውን። ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሳ ሁለት መስመር መጣ። በአንዱ መስመር 193707721፣ በሌላው 761838257287፣ ከእያንዳንዳቸው ጎን ደግሞ 1። ጎን ያለው 1 አካፋዩ ስንት ጊዜ እንደገባ ይናገራል። እነዚህ ሁለቱ ሲባዙ የተማሪዬን ቁጥር ይሰጣሉ፤ ሁለቱም ፕራይም ናቸው፤ ከዚህ በላይ አይበተኑም።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በአንድ ሰከንድ መምጣታቸው ለኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ታሪካቸውን አውቃለሁ። ማሬን መርሴን የሚባል ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 አንድ ዝርዝር አወጣ። 2 ፓወር ይሄን ያህል ሲቀነስ 1 ፕራይም የሚሆንባቸው ናቸው ብሎ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127፣ 257ን ጻፈ። 67 እዚያ ውስጥ ነበር። ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1876 ኤድዋር ሉካስ 67 ትክክል እንዳልሆነ አረጋገጠ፤ የሚገርመው አንድም አካፋይ ሳያገኝ ነው። ቁጥሩ እንደሚበተን ታወቀ፤ ወደ ምን እንደሚበተን ግን ማንም አላወቀም። በ1903 ፍራንክ ኔልሰን ኮል የሚባል አሜሪካዊ በሒሳብ ማኅበራቸው ስብሰባ ላይ ወደ ሰሌዳው ወጣ። በአንድ በኩል 2 ፓወር 67ን በእጁ አስልቶ 1 ቀነሰ። በሌላ በኩል እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አባዛ። ሁለቱ ውጤቶች እኩል ሆኑ። አንድ ቃል ሳይናገር ተመልሶ ተቀመጠ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ሲጠየቅ የሦስት ዓመት እሁዶች ማለቱ ይነገራል።

መርሴን የተሳሳተው በዚህ ብቻ አይደለም። 257ም ስህተት ነው። 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ፕራይም የሚሰጡ ሆነው ሳለ ዘለላቸው። ጂፒን 2 ፓወር 61 ሲቀነስ 1 ብዬ ጠየቅኩት፤ 2305843009213693951 ነው፤ ኢዝፕራይም 1 መለሰ።

በዚህ ምሽት ከሁሉ በላይ የወደድኩትን ልንገራችሁ። የተማሪዬ ቁጥር አካፋዮች ዝም ብለው የመጡ አይደሉም። 67 ራሱ ፕራይም ስለሆነ፣ 2 ፓወር 67 ሲቀነስ 1ን የሚያካፍል ማንኛውም ፕራይም ለ134 ሲካፈል ቀሪው 1 መሆን አለበት። 134 የ67 እጥፍ ነው። ጂፒ ላይ ከመጀመሪያው አካፋይ 1 ቀንሼ ለ134 አካፈልኩት። 1445580 ወጣ፣ ያለ ምንም ቀሪ። ሁለተኛውን እንዲሁ አደረግኩ፤ 5685360129፣ ያለ ምንም ቀሪ። ያንን ምሽት ወንበሬ ላይ ብድግ ብዬ ነበር። ሕጉን ለዓመታት አውቀዋለሁ፤ በገዛ ዓይኔ በዚህ ትልቅ ቁጥር ላይ ሲቆም ማየት ግን ሌላ ነው። የ2047 አካፋዮችም እንደዚሁ ናቸው። 2047 ማለት 2 ፓወር 11 ሲቀነስ 1 ነው፤ 23 የ22 አንድ እጥፍ ሲደመር 1፣ 89 የ22 አራት እጥፍ ሲደመር 1።

አካፋዮቹ ከተገኙ በኋላ ሌላው መታወቂያ ቶሎ ይሞላል። የአካፋዮቹ ብዛት 4 ነው፤ 1፣ ሁለቱ ፕራይሞች፣ ራሱ። ሲግማ የሚለው ትእዛዝ አካፋዮቹን ሁሉ ይደምራል፤ 147573953351708377936 አለኝ። ከዚህ ላይ ቁጥሩን ራሱን ብትቀንሱ 762031965009 ይቀራል። የራሱ አካፋዮች ተደምረው ከሱ እጅግ ያንሳሉ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ዴፊሸንት ይሉታል፤ ጉድለት ያለው እንደማለት ነው። ሁለት ፕራይሞች ብቻ ስላሉት ሰሚፕራይም ነው። አንዱም ስላልተደገመ ስኩዌር ፍሪ ነው። ለ4 ሲካፈል 3 ስለሚቀረው የሁለት ስኩዌሮች፣ ማለትም በራሳቸው የተባዙ ድፍን ቁጥሮች፣ ድምር ሊሆን አይችልም። ለ8 ሲካፈል ደግሞ 7 ስለሚቀረው የሦስት ስኩዌሮች ድምርም መሆን አይችልም፤ አራት የግድ ያስፈልጋሉ።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታዬን ላስገባ፤ ስለ ጂፒ ሳይሆን ስለ መታወቂያ ገጾች ጠቅላላ ልማድ ነው። ብዙዎቹ ገጾች የአሃዝ ድምርን፣ «ደስተኛ ቁጥር» መሆኑን፣ ከኋላ ሲነበብ አንድ መሆኑን ከፕራይምነት እኩል በአንድ ሠንጠረዥ ያስቀምጣሉ። እኩል አይደሉም። የቁጥራችን አሃዞች ሲደመሩ 109 ናቸው። ደስተኛ መሆኑን ለማወቅ የእያንዳንዱን አሃዝ ስኩዌር መደመር ነው፤ 705 ይመጣል፣ ከዚያ 74፣ 65፣ 61፣ 37፣ 58፣ 89፤ 89 ከደረሰ ክብ ውስጥ ገብቶ ይዞራል እንጂ 1 አይደርስም። ደስተኛ አይደለም። ጥሩ፤ ግን ይህ ሁሉ እኛ በአሥር ስለምንቆጥር የመጣ ነው። በሌላ መሠረት ጻፉት፣ ሁሉም ይቀየራል። ቁጥሩ በባይነሪ፣ በ0 እና በ1 ብቻ፣ ሲጻፍ 67 አንዶች ተደርድረው ነው፤ አንድም ዜሮ የለበትም። እዚያ ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት ነው፤ በአሥር ሲጻፍ ግን አይደለም። ሁለት ፕራይም አካፋይ ያለው መሆኑ ግን በየትኛውም አጻጻፍ አይቀየርም። አንዱ የልብሱ ነው፣ ሌላው የራሱ። ጂፒ አሃዝ የሚደምረውን ትእዛዝ ሲሰጣችሁ በየትኛው መሠረት እንደምትፈልጉ መንገር ያስችላችኋል። ይህን ልዩነት ስላከበረልኝ ነው የወደድኩት።

በአንድ ቁጥር ብቻ መፍረድ ስለማልፈልግ ሌሎችም ሰጠሁት። 1234567890 ሁላችንም ጽፈነዋል። ፋክተር ስለው 2፣ 3 ሁለት ጊዜ፣ 5፣ 3607 እና 3803 ሆነ። 48 አካፋዮች አሉት። ተደምረው 3211610688 ይሆናሉ፤ ራሱን ስትቀንሱ 1977042798፣ ከራሱ ይበልጣል። ይህኛው አቡንዳንት ነው፣ ትርፍ ያለው። መጨረሻ ላይ ያለችውን ዜሮ አጥፍታችሁ 123456789 ብታደርጉት ግን 2 እና 5 አብረው ይወጡና ዴፊሸንት ይሆናል። አንዲት ዜሮ መደቡን ትቀይረዋለች።

12345678987654321ም ሰጠሁት። 3 አራት ጊዜ፣ 37 ሁለት ጊዜ፣ 333667 ሁለት ጊዜ። ሁሉም ተጋማሽ ጊዜ ስለገቡ ስኩዌር ነው፤ የ111111111 ስኩዌር። የአካፋዮቹ ብዛት 45 ነው፤ ጎዶሎ ቁጥር። የአካፋዮቹ ብዛት ጎዶሎ የሚሆነው ስኩዌር ሲሆን ብቻ ነው፤ አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ስለሆኑ፣ ስኩዌር ሥሩ ብቻ ከራሱ ጋር ይጣመራል። 33550336 ላይ ሲግማ 67100672 መለሰ፤ ልክ እጥፉ። ፍጹም ቁጥር ማለት ይህ ነው።

አሁን ስለሚጎድለው። ጂፒ ስም አይሰጥም። ሲግማን ያሰላላችኋል እንጂ «ይህ አቡንዳንት ነው» ብሎ አይጽፍላችሁም። ትርጉሙን ማወቅ የናንተ ፈንታ ነው። ለጀማሪ ይህ ይከብዳል። ትእዛዞቹን መልመድም ጊዜ ይፈልጋል። የጥያቄ ምልክት ስትጽፉ እርዳታ ያወጣል፤ እርዳታው ግን ሒሳብ ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ነው። እኔ እንደ አስተማሪ ይህን ጉድለት ብዬ ሙሉ በሙሉ መጥራት አልቻልኩም። ተማሪ ሲግማን ከቁጥሩ እጥፍ ጋር ራሱ ሲያወዳድር፣ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ በጣቱ ይዞት ነው የሚሄደው።

ስለ ፕራይም ሁለት ዓይነት ጥያቄ መለየቱ ደግሞ ትልቁ ነጥቡ ነው። ፈጣን የሆነ፣ «ፕራይም ይመስላል» የሚል አንድ ትእዛዝ አለው። የተረጋገጠ መልስ የሚሰጥ ሌላ አለው። ፈጣኑ ቢፒኤስደብሊው የሚባለውን፣ በአውጪዎቹ ስም መነሻ ፊደላት የተሰየመውን ፈተና ይጠቀማል፤ በ1980 የወጣ ነው። እስከ 2 ፓወር 64 ድረስ አንድም ቁጥር እንደማያታልለው ተረጋግጧል፤ ከዚያ በላይም የተገኘ አታላይ የለም። ያም ሆኖ ለትልልቆቹ «ይመስላል» እና «ነው» አንድ አይደሉም፤ ጂፒም አያምታታቸውም። ከፈለጋችሁ ፕራይም ለመሆኑ ማስረጃ ወረቀት ያወጣላችኋል፤ ያንን ወረቀት ሌላ ሰው በራሱ መንገድ ሊመረምረው ይችላል። ያ አረንጓዴ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖረው ተማሪዬ አትሳሳትም ነበር።

ተአምር ግን አትጠብቁ። መበተን ከመመርመር እጅግ ይከብዳል። ለመበተን ውድድር ከቀረቡት ቁጥሮች አንዱ፣ ባለ 250 አሃዝ የሆነው አርኤስኤ 250 በ2020 ሲበተን፣ አንድ የኮምፒዩተር ኮር (አስሊ ክፍል) ብቻውን ቢሠራው 2700 ዓመት ገደማ የሚፈጅ ሥራ ጠይቋል። የቤት ኮምፒዩተራችሁ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ሰጥታችሁ ብትጠብቁ ዕድሜያችሁ ያልቃል። ኤፍ 20 የሚባለው የፌርማ ቁጥር፣ 2 ፓወር 1048576 ሲደመር 1፣ ፕራይም አለመሆኑ ተረጋግጧል፤ እስከ ዛሬ ግን አንድ አካፋዩ እንኳ አልተገኘም። ሉካስ በ1876 የቆመበት ቦታ ዛሬም ሰዎች ይቆማሉ።

በማግስቱ ሁለቱን አካፋዮች በወረቀት ጽፌ ለልጅቷ ሰጠኋት። ስለ ፕሮግራሙ ምንም አልነገርኳትም። «አባዢያቸው» ብቻ አልኳት። የጀርባ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ጀመረች። ታችኛው ላይ 193707721ን አድርጋ ዘጠኝ መስመር። አንዱ የዜሮ ነው። የ7 ሦስት ጊዜ ስለሚመጣ 5332867801009ን አንዴ ሠርታ ሦስት ቦታ ገለበጠችው፤ ብልህ ናት። ስትጨርስ ግን ውጤቱ ስልኳ ላይ ካለው ጋር አልገጠመም። ፊቷ ቅጭም አለ። «ቲቸር፣ አልሆነም።»

«በ9 አጣሪው» አልኳት። የሁለቱም አካፋዮች አሃዞች ተደምረው ለ9 ሲካፈሉ 1 ይቀራቸዋል። የውጤቱም 1 መሆን አለበት። የሷ 0 ሆነ። ስለዚህ ስህተቱ ከሥራው ነው። መስመር በመስመር ወረድን። በ9 የተባዛው መስመር ላይ 6856544314583 ጽፋለች። በ9 የተባዛ ቁጥር አሃዞቹ ሲደመሩ የ9 ብዜት መሆን አለባቸው። ደመረች፤ 62። «አንዱን ይዤ ረሳሁት!» አለች። 4ቱን 5 አደረገችው፤ 6856544315583። እንደገና ደመረች። ከቀኝ 7፣ 2፣ 9፣ 2 እያለች ስትወርድ ድምጿ እየጨመረ ሄደ። መጨረሻው 147 ላይ ሲደርስ ስልኳን አነሳችና አሃዝ በአሃዝ አመሳከረችው። ገጠመ።

ከዚያ በኋላ ነው ጂፒን ያሳየኋት። እንግዲህ ፕሮግራሙን ለማን እንደምመክር ገብቷችኋል። ለተማሪ፣ ለአስተማሪ፣ ቁጥር ለሚወድ ሰው ሁሉ እመክረዋለሁ፤ በተለይ መልሱን ራሱ ሊያጣራ ለሚፈልግ። አንድ ጊዜ ነክቶ መታወቂያ አይቶ ለሚሄድ ሰው ደረቅ ይሆንበታል። ከ5 ኮከብ 5 እሰጠዋለሁ፤ ስም አለመስጠቱንም ቆጥሬ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ልጅቷ በወረቀት ይዛ መጣች። 67ን ትታ 71ን ይዛለች። 2 ፓወር 71 ሲቀነስ 1፣ 2361183241434822606847። ፋክተር የሚለውን ትእዛዝ እንዳልተጠቀመች ነገረችኝ። የ142 ብዜት ሲደመር 1 እያለች ጂፒ ላይ በራሷ ተራ በተራ አስፈተሸች። ወረቀቱ ላይ በክብ የተከበበ አንድ መስመር ነበር፦ 142 በ1609 ሲደመር 1 እኩል ነው 228479። ያካፍላል። ሌሎች እንዳሉትም አውቃለች፤ አልነገርኳትም፣ እየፈለገች ነው።